የሕልም መንደር በተግባር ይቆማል ወይ?

ሐዋሳ ውስጥ የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት ወሬ ሲነሳ አንድ ሐሳብ እየተደጋገመ ይሰማል። «ለምን ተሰባስበን ቦታ አንወስድም? አብረን ሠርተን አብረን ብንኖርስ?» የሚል። ወዲያው አንዱ በጋራ ኑሮዋ የምትታወቀውን መንደር፣ አውራ አምባን ይጠራል። ሌላው «ይሄማ በደርግ ጊዜ ተሞክሮ አይተነዋል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችውን ሻሸመኔን የሚያነሳም አይጠፋም። «ከባሕር ማዶ ተስፋ ይዘው የመጡት ጃማይካውያን የት ደረሱ?» ይላል።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደሞዝ በኪራይ ሲያልቅ፣ ልጅ የሚይዝ ሲጠፋ፣ አዛውንት ጧሪ ሲያጡ ሰው ሌላ አኗኗር ቢመኝ የሚገርም ነገር የለውም። ምኞቱን «ቅዠት» ብሎ መጣል አይገባም። ክርክሩ ግን ፍሬ የሚያጣው ሁሉም ስለ ተለያየ ነገር ስለሚያወራ ነው።

## ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል

የመጀመሪያው በመንግሥት ትእዛዝ የሚደረግ ማሰባሰብ ነው። በደርግ ዘመን የነበሩት መንደር ምሥረታና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እዚህ ይመደባሉ። በአምራቾች ማኅበር ገበሬው መሬቱንና በሬውን ለማኅበሩ ያስገባል፤ በሠራው ልክ ነጥብ እየተያዘለት ድርሻውን ይወስዳል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና መውጣት ሲፈቀድ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሄደ። ታንዛንያም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በበጎ ፈቃድ የተጀመረው ኡጃማ የተባለ የጋራ መንደር ሥርዓት ከ1973 በኋላ ወደ ግዳጅ ሰፈራ ሲለወጥ ምርትም ፍቅርም ቀነሰ።

ከዚህ ተነስቶ «ሐበሻ አብሮ መሥራት አይሆንለትም» የሚል አለ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። እነዚሁ ገበሬዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በደቦና በወንፈል እየተጠራሩ ሲያርሱና ሲያጭዱ ኖረዋል። የጠሉት ተገደው መግባታቸውንና መውጫ ማጣታቸውን ነው።

ሁለተኛው ዛሬ የምናውቀው ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላቱ አንድ ሥራ በጋራ ይሠራሉ፤ ማታ ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመለከተው ይህን ነው።

ሦስተኛው ዩቶፒያ የሚባለው ነው። ዩቶፒያ ጭቆናና ድህነት የሌለበት፣ ሰው ተስማምቶ የሚኖርበት የታሰበ ኅብረተሰብ ማለት ነው። የዩቶፒያ ማኅበረሰብ የሚባሉት ደግሞ ይህን አሳብ በትንሹ እውን ለማድረግ በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን፣ ገንዘባቸውን፣ የልጅ አስተዳደጋቸውን በአንድ መርሕ ያስተካክላሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እነዚህ ሊዘልቁ ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

## ጃማይካ ሰፈር ምን ገጠመው?

ቅርባችን ካለው እንጀምር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ሻሸመኔ አጠገብ 200 ሄክታር ገደማ መሬት ሰጡ። ስጦታው የተላለፈው ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽን በሚባል ማኅበር በኩል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የሚመጡት ራስተፈሪያውያን ቁጥር ጨመረ። ለእነሱ ጉዞው የቤት ለውጥ ብቻ አልነበረም። ወደ ተስፋው ምድር መመለስ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ሰፋሪዎቹም አብዛኛውን መሬት አጡ። እዚህ ላይ የአካባቢውን ገበሬ ዓይንም ማየት ያስፈልጋል። ለእሱ መሬቱ ንጉሥ ለሌላ የሰጠበት መሬት ነበር፤ አዋጁ ሲመጣ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲያ ማኅበረሰቡ ለአሥርት ዓመታት ወረቀት አልባ ሆኖ ኖረ። እዚሁ የተወለዱ ልጆች መታወቂያ ስላልነበራቸው ሥራም ጉዞም ይቸግራቸው ነበር። መንግሥት የመኖሪያ መታወቂያ ለመስጠት የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ «ጃማይካውያን ከሸፉ» የሚለው ፍርድ ያሳዝነኛል። ራስተፈሪያውያኑ ሁሉን በጋራ እናድርግ ብለው አያውቁም፤ በተለያዩ ወገኖች ተከፍለው፣ በየቤታቸው፣ በየሥራቸው ኖረዋል። ትምህርት ቤት ከፍተዋል፣ ከአካባቢው ሰው ተጋብተዋል። የጎዳቸው የይዞታና የመታወቂያ ጉዳይ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ውስጡ ምንም ያህል ቢያምር፣ የቆመበት መሬት በሌላ ሰው ፊርማ የሚነሳ ከሆነ አይዘልቅም። በሌሎች አገሮች ታሪክም ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል።

## አውራ አምባ ለምን ቆየ?

አውራ አምባ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ ወረታ አጠገብ የምትገኝ መንደር ናት። ዙምራ ኑሩና ተከታዮቹ የመሠረቷት በ1964 ዓ.ም. ነው። ነዋሪዋ ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም። ሥራ የሚፈታበት የሃይማኖት በዓልም የለም። ጧሪ ለሌላቸው አዛውንት ማረፊያ ቤት አለ፤ ለተቸገሩ ገቢ የሚሆን የሥራ ቀንም ተለይቶ ተይዟል።

ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን ብዙ ታይቷል። ብዙ ጊዜ የማይወራው መንደሯ ያለፈችበት መንገድ ነው። ከጎረቤት ጋር በነበረው አለመግባባት የተነሳ በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አባላቱ ወደ ደቡብ፣ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ተይዞ ጠበቃቸው። የደረሳቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነው። በዚህ ያን ሁሉ ሰው ማብላት አይቻልም። ስለዚህ ወደ ሽመና፣ ወደ እህል ወፍጮና ወደ ንግድ ዞሩ። እንግዳ እየተቀበሉም ገቢ ማግኘት ጀመሩ። የመሬት ጥበቱ ገበያ ውስጥ አስገባቸው፤ ገበያው ደግሞ ከጎረቤት ጋር አገናኛቸው። እህሉን ሊያስፈጭ የሚመጣ ጎረቤት ከወፍጮው ባለቤት ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳርፎ መኖር አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። አውራ አምባ ሁሉን የሚካፈል መንደር አይደለችም። ቤተሰብ የራሱ ቤት አለው። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የታቀፉት ገቢያቸውን እኩል ይካፈላሉ፤ የማኅበሩ አባል ሳይሆን የመንደሯን ሥርዓት አክብሮ የሚኖርም አለ። ማለትም ወደ ውስጥ የሚገባበት ደረጃ አለ። መውጣትም ይቻላል። እኔ እንደማየው መንደሯን ያቆያት ከሚወራላት ደግነት ያላነሰ ይህ ልልነት ነው።

ጥያቄ አይነሳባትም ማለት አይደለም። በአንድ መሥራች ሰው ሐሳብ ዙሪያ የተገነባ ማኅበረሰብ ከመሥራቹ በኋላ የማን ቃል ይጸናል? ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ተመልሶ ይመጣል? ይህ ፈተና የአውራ አምባ ብቻ አይደለም።

## ሁሉን መካፈል የሚያስከፍለው ዋጋ

በዓለም ላይ የተሞከሩትን ስናይ የመፍረሻ መንገዳቸው ይመሳሰላል።

ዌልሳዊው ባለ ፋብሪካ ሮበርት ኦወን እ.ኤ.አ. በ1825 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ የሚባል መንደር ከፈተ። የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። ተናጋሪና ፈላስፋ በዛ፤ አራሽና ባለ እጅ ጠፋ። ኦወን ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አልነበረም። በ1827 ሁሉ ነገር አበቃ። ሰዎቹ መጥፎ አልነበሩም። ማን እንደሚገባ የሚለይ፣ ያልሠራውን የሚጠይቅ አልነበረም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች «ፍሪ ራይደር» የሚሉት ሰው አለ። ሳይለፋ ከለፋው እኩል የሚቋደስ ማለት ነው። አንድ ሰው ሲለግም ብዙም አይታወቅም። የሚከፋው የሚለፋው ሰው ሲያየው ነው። «እኔስ ለማን ብዬ?» ይላል። ከዚያ እሱም ክንዱን ያጥፋል።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለው የእስራኤሉ ኪቡትዝ ነው። ኪቡትዝ ንብረትን፣ ሥራን፣ ምግብን በጋራ ያደረገ የእርሻ መንደር ነው። የመጀመሪያው ደጋንያ እ.ኤ.አ. በ1910 ተመሠረተ። ዛሬ 270 ገደማ አሉ። በብዙዎቹ ልጆች የሚያድሩት ከወላጆቻቸው ጋር ሳይሆን በልጆች ቤት ነበር። ይህ ቀስ በቀስ ቀረ፤ በዋናነትም እናቶች ልጆቻችን ከእኛ ጋር ይደሩ ስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የዋጋ ንረቱን ለማቆም መንግሥት እርምጃ ሲወስድ ኪቡትዞቹ የተበደሩት ዕዳ አናታቸው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ እኩል ክፍያን ትተው እንደ ሥራው የሚከፈልበት ሥርዓት አስገቡ።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራን አብራሚትስኪ ይህን በዝርዝር አጥንቷል። ያገኘው ነገር ልብ ይነካል። በእኩል ክፍያ ሥርዓት ከሌላው ይልቅ የሚወጡት የተማሩና ሙያ ያላቸው ናቸው፤ ውጭ የሚያገኙት ስለሚበልጥ። እነሱ ሲወጡ የቀሩት ላይ ሸክሙ ይከብዳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ጎበዝ ይወጣል። ሀብታም የነበሩት ኪቡትዞች ግን እኩልነቱን ረዘም ላለ ጊዜ አቆይተውታል። የሚካፈሉት ነገር ስለነበራቸው መቆየቱ አያከስርም ነበር።

ሁሉን ተካፍለው ለዘመናት የቆዩም አሉ። ሀተራይቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ዛሬ በካናዳና በአሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው በጋራ እርሻ ይኖራሉ። አንድ መንደር ወደ 150 ሰው ሲጠጋ ለሁለት ይከፈላል። አዲሱ መሬት ተገዝቶ፣ ቤቱ ተሠርቶ ከተጠናቀቀ በኋላ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር በልማዳቸው በዕጣ ይለያል። መጠኑን የሚያሳንሱት ሁሉም ሁሉን እንዲያውቅ ነው። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ማን እንደሠራና ማን እንደተኛ መዝገብ አያስፈልገውም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ልብሱ፣ ትምህርቱ፣ ጋብቻው ሁሉ በሥርዓት ነው። የወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው ንብረት የለም።

አንትሮፖሎጂስቱ ሪቻርድ ሶሲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የነበሩ 200 እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦችን አነጻጽሮ ሃይማኖታዊዎቹ ከዓለማዊዎቹ በጣም የበለጠ ዕድሜ እንደነበራቸው አሳይቷል። በሌላ ጥናት ደግሞ ከአባላቱ ብዙ መሥዋዕትነት የሚጠይቁት ሃይማኖታዊ ማኅበረሰቦች ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል። የልብስ ገደብ፣ የምግብ ገደብ፣ የንብረት መተው የመሳሰለው ማለት ነው። ለመግባት ብዙ የከፈለ ሰው ለመብላት ብቻ አልመጣም። አውራ አምባ ለዚህ ግኝት ጥሩ ፈተና ናት። የአምልኮ ቤት የላትም፤ ግን የምታስከፍለው የሥነ ምግባር ዋጋ ከብዙ ሃይማኖት አያንስም።

## እድሩ፣ የአንድ ክፍል ቤትና ሐይቁ

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። እዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ዩቶፒያ ብሎ የማይጠራቸው፣ ግን የሚሠሩ የጋራ ኑሮዎች አሉ።

እድርን እንውሰድ። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የጋራ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል ወይ ስልክ ይደወላል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ሀብታሙም ድሃውም መዋጮው እኩል ነው፣ የሚቆምለት ድንኳንም አንድ ነው። በዚያች ሰዓት ሰፈሩ በእርግጥ እኩል ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እድር ዕድሜ ያገኘው ኀዘንን ብቻ ስለተካፈለ ነው እላለሁ። ደሞዝህን አምጣ፣ ልጅህን እኛ እናሳድግ አላለም።

ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ያለው ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ኪራዩ ይዋጣል፣ ሽሮውና ዘይቱ ይዋጣል፣ ወጥ በተራ ይሠራል። የሥራ ፈረቃቸው ሲለያይ ሌሊት ሠርታ የገባችው እንድትተኛ ሌላዋ ስልኳን ውጭ ወጥታ ታናግራለች። ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ አይደለም። ግን ካልተከበረ ቤቱ በሳምንት ይበተናል። ያልተስማማት ፍራሿን ጠቅልላ ትሄዳለች። መውጣት ርካሽ ስለሆነ መታገሥ ይቀላል። በሌላ በኩል መውጣት ርካሽ በመሆኑ ማንም ለነገ አያቅድም፤ አብሮ የሚገዛ ነገር የለም፣ የሚጠራቀም ሀብትም የለም። ሰዎቹን አብሮ ያኖራቸው የደሞዙ ማነስ ስለሆነ ይህን አኗኗር ማሞገስ አልፈልግም። ግን መካፈል በምን ላይ እንደሚቆም በቅርብ ያሳያል።

ሦስተኛው ሐይቁ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው ቆሮሶውንና አምባዛውን ዓሣ ከጀልባ ሲያወርዱ ያያል። ሐይቁ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ጫጩቱን የሚያወጣ ሰው ዛሬ ይጠቀማል፣ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈሉታል። «የጋራ የሆነ ነገር መጨረሻው ጥፋት ነው» የሚሉ ወገኖች የሚጠቅሱት እንዲህ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን የግጦሽ መሬት፣ የመስኖ ውኃና ዓሣ በጋራ የሚጠቀሙ ሰዎችን አጥንታ ጥፋቱ የግድ እንዳልሆነ አሳይታለች። የቆዩት ቦታዎች ላይ ማን ተጠቃሚ እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። እርስ በርስ ይተያያሉ። ቅጣቱ በትንሹ ይጀምርና እያደር ይከብዳል። ጠብ ሲነሳ በቅርብና በርካሽ የሚዳኝ አለ። መንግሥትም ይህን መብታቸውን ያከብራል። እነዚህ ነገሮች የእድር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ከሞላ ጎደል አሉ።

## ሰው ራስ ወዳድ ስለሆነ ነው?

አንዱ ወገን «ሰው በተፈጥሮው ለራሱ ያደላል፣ ስለዚህ አይሆንም» ይላል። ሌላው «ማኅበረሰቦቹን ያፈረሳቸው የውጭ ጫና ነው፤ ቢተዋቸው ይዘልቁ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ሻሸመኔን የጎዳው ውጫዊ ነገር ነው። ኒው ሃርመኒን ግን ማንም ከውጭ አልነካውም።

የመጀመሪያው ክርክር የሚስተው ነገር ሰው ለራሱ የሚያደላውን ያህል በደልን የሚጠላ መሆኑን ነው። ሌላው እንደሚያዋጣ ካየ ያዋጣል። ሌላው ሲያጭበረብር ካየ ያቆማል። ሁለተኛው ደግሞ የትኛውም ማኅበረሰብ ያለ ጎረቤት፣ ያለ ገበያ፣ ያለ መንግሥት እንደማይኖር ይረሳል። የውጭ ጫና ሊቀር የሚችል እንቅፋት አይደለም፤ ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው።

ከሁለቱም የማይነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ጠብ ሲነሳ ማን ይሰማል? ብዙ ማኅበረሰቦች የተመሠረቱት «እኛ አንጣላም» ብለው ነው። ስለዚህ ጠብ ሲመጣ የሚያዩበት መንገድ የላቸውም፤ ያኮረፈው ጠላት ይሆናል። በሲዳማ ባህል «አፊኒ» የሚባል የመደማመጥ ሥርዓት አለ። ጉዳዩ ለሁሉም ይሰማል፣ ተራ በተራ ይነገራል፣ ከዚያ ይወሰናል። ጠብ እንደሚኖር አምኖ የተነሳ ሥርዓት ነው። አዲስ ማኅበረሰብ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን ከደጁ መማር ይችላል።

## በሐዋሳ ቢሞከርስ?

መሬት መግዛት የሚባል ነገር በሕጋችን የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የከተማ ቦታ የሚያዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ «ተሰባስበን እንኑር» የሚል ቡድን መጀመሪያ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል፤ ቅርቡ መንገድም በኅብረት ሥራ ማኅበርነት መመዝገብ ነው። ይዞታው በማን ስም እንደሚሆን ሳይጣራ አንድ ብር ማዋጣት አደጋ አለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን ያህል እንካፈል የሚለው ነው። ከላይ ካየናቸው ማስረጃዎች ተነስቼ ደሞዝን በመካፈል መጀመርን አልመክርም። የተሻለ የሚከፈለው ቶሎ ይወጣል፤ የቀረው ይቀየማል። ልጅ መያዝ፣ ምሳ ማብሰል፣ የታመመ ማስታመም ግን ሌላ ነገር ነው። አሥር ቤተሰብ አሥር ሞግዚት ከሚቀጥር ሁለት ቢቀጥር ሁሉም ይተርፈዋል። ትርፉ በየወሩ የሚታይ ስለሆነ ሰው ለመቆየት ምክንያት ያገኛል። ሰዎቹ ከዓመታት በኋላ የበለጠ መካፈል ከፈለጉ በራሳቸው ድምፅ ያስፋፉታል።

ደንቡ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት የመውጫው አንቀጽ ነው። ሰባት ዓመት አዋጥታ፣ አብራ ሠርታ፣ ከዚያ ሥራ ቀይራ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ አባል ምን ይዛ ትሄዳለች? ያዋጣችው ሙሉውን ከተመለሰላት ካዝናው ይራቆታል። ምንም ካልተሰጣት እስረኛ ትሆናለች፤ ሌሎች ይህን አይተው አይገቡም። አንዳንድ የቁጠባ ማኅበራት እንደሚያደርጉት ድርሻዋን በየተወሰነ ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል መካከለኛ መንገድ ነው። ስንት ዓመት ከቆየች ስንት በመቶ፣ በስንት ወር ተከፍሎ ያልቃል የሚለው ከመጀመሪያው መዋጮ በፊት በቁጥር ተጽፎ፣ በጉባኤ ተነቦ፣ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል።